በርሜልህ ለምን አልታዘዝ አለህ?

«ሰላም ጋሼ። 200 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል አግኝቼ ስጋ በጭስ የሚበስልበት ምድጃ ሠራሁ። ከሰል መጨመሪያ እንዲሆነኝ ጎኑን 30 በ25 ሴንቲ ቆርጬ በማጠፊያ በር አደረግሁለት። ከታች ዙሪያውን ባለ 2 ሴንቲ አስር ቀዳዳ በሳሁ። ውስጡ ቀላ ያለ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዝገት ይጠብቀዋል ብዬ አልነካሁትም። ባለፈው 4 ኪሎ ፍሪምባ አስገባሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ አለፈ። ደንግጬ የላይኛውን የጭስ መውጫ ዘጋሁት። ይኼኔ ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆነ። ከአራት ሰዓት በኋላ ሳወጣው ላዩ ከሰል፣ ውስጡ የጫማ ሶል ሆኗል። ምሬቱ ደግሞ አይጣል ነው። ጓደኞቼ ‹በርሜሉን ጣለው› ይሉኛል። ልጠግነው ወይስ ልጣለው?»

አትጣለው። አንድ በያጅና ጥቂት ቡሎን ካገኘህ ያው በርሜል ይሠራል።

የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ሙቀቱ ሮጠ፣ ጭሱ ነጣ፣ ስጋው መረረ፣ ደረቀ። አራት ጥፋት ይመስላል። ምንጩ ግን አንድ ነው፤ አየሩ ከእጅህ ወጥቷል። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ቀላ ያለው ቀለም፤ እሱ የራሱ ጣጣ አለው።

ያ ተራ ቀለም አይመስለኝም። ኢፖክሲ ወይም ፌኖሊክ የሚባለው ሽፋን ሳይሆን አይቀርም። ፋብሪካ የሚቀባው በርሜሉ የሚይዘው ፈሳሽ ብረቱን እንዳይበላው ነው። ለፈሳሽ እንጂ ለእሳት አልተሠራም። ሲግል ይሰነጣጠቃል፣ ይጨሳል፣ ጭሱም ስጋህ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ያን ቀን የቀመስከው ምሬት ሁሉ ከእንጨቱ መጣ ማለት አልችልም። ከዚያ ስጋ የተረፈ ካለህ አትብላው።

ሽፋኑ በሳሙናና በብሩሽ አይለቅም። መፍትሔው ማቃጠል ነው። ሜዳ ላይ፣ ከቤትና ከሰው ርቀህ፣ በርሜሉን ጡብ ላይ አቁመው። ክዳኑን አንስተህ ደረቅ እንጨት ሙላበትና ለኩሰው። የምትፈልገው የሚንቦገቦግ እሳት ነው። አስሩ ቀዳዳዎችህ እዚህ ላይ ይጠቅሙሃል፤ ምናልባትም የሚጠቅሙበት ብቸኛው ቀን ነው። ነፋሱ ከጀርባህ እንዲመጣ ሆነህ ቁም። ጭሱን አትማገው። እንጨት እየጨመርክ ሁለት ሰዓት ያህል አቆየው። ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው። ሽፋኑ እንደ አመድ ረግፎ ግራጫ ባዶ ብረት መታየት አለበት። የቀረ ቀይ ነገር ካየህ ድገመው። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽም ያው ሽፋን ስላለበት እሱንም አብረህ አቃጥለው። በመጨረሻ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ ወዲያው ዘይት ቀባው። ባዶ ብረት አንድ ሌሊት ካደረ ጠዋት ዝጎ ነው የምታገኘው።

በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ግን አልነገርከኝም። የምግብ ዘይት፣ ጭማቂ ወይም ማር ከነበረ ጥሩ። ፀረ ተባይ፣ አሲድ ወይም የቀለም ማቅጠኛ ከነበረ፣ ወይም ምን እንደነበረ ጨርሶ ካላወቅህ፣ ያን ጊዜ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ማቃጠል ሁሉን ነገር አያነጻም።

ይህን አይቶ ለመሥራት የተነሳ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይስማኝ። ቤንዚን ወይም ማቅጠኛ የያዘ በርሜል «ባዶ» አይባልም። ፈሳሹ ቢያልቅም ትነቱ ውስጡ ተቀምጧል። አንዲት የግራይንደር ብልጭታ ትበቃዋለች፤ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ሰው ገድሎ ያውቃል። አንተ ቆርጠህ ተርፈሃልና እግዜር ይመስገን።

ዚንክ የተለበጠ ብረትም አልወድም። በርሜሉ፣ ቡሎኑ፣ ፍርግርጉ፣ የቧንቧ ቁራጩ፣ የትኛውም። ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብሶ ሲግል የሚወጣው ጢስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። በያጆች ያውቁታል። ለፍም ቅርብ የሆነውን ሁሉ ጥቁር ብረት ወይም ስቴይንለስ አድርገው። የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያንም ፍርግርግ አታድርግ፤ አንዳንዱ ካድሚየም የተለበጠ ነው፣ እሱ ደግሞ መርዝ ነው።

አሁን ወደ አየሩ።

ከሰል የሚነደው ባገኘው ኦክስጅን ልክ ነው። ተራራ የሚያህል ከሰል ብትከምር አየር ካልገባ ይጠፋል። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም በርሜል 120 ዲግሪ ለመያዝ የሚፈልገው ጥቂት እፍኝ ፍም ነው። ስለዚህ የሚፈልገው ቀዳዳም ትንሽ ነው። ያንተን እናስላው። ስፋቱ 2 ሴንቲ የሆነ ቀዳዳ 3 ካሬ ሴንቲ ገደማ ይሆናል። አስሩ ተደምረው 31። በሩ ደግሞ አለ። 30 በ25 የሆነ በር ዙሪያው 110 ሴንቲ ነው። በግራይንደር ተቆርጦ በማጠፊያ የተሰቀለ በር ቢያንስ 2 ሚሊ ክፍተት ይኖረዋል። 110 ሴንቲ በ2 ሚሊ ሲባዛ 22 ካሬ ሴንቲ ነው። ድምሩ 53።

እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ በርሜል የምሰጠው ሦስት ቀዳዳ ነው፤ 9 ካሬ ሴንቲ። እሱንም ሙቀቱ ከያዘ በኋላ አብዛኛውን እዘጋዋለሁ። የበርህ ስንጥቅ ብቻውን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል፤ መዝጊያ ደግሞ የለውም። ወንድሜ፣ አንተ የሠራኸው የአንጥረኛ ምድጃ ነው። 200 ዲግሪ ላይ መቆሙም ይገርመኛል።

በዚያ ላይ የላይኛውን መውጫ ዘጋህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሙቀቱን ለመቀነስ ማነቅ ያለብህ ከታች ነው። የላይኛው ሁልጊዜ ሙሉ ለሙሉ ክፍት ይቀመጣል። ከላይ ስትዘጋ ጭሱ መሄጃ ያጣና ውስጡ ይታጎራል። እንጨቱ በግማሽ ይነዳል፣ በግማሽ ይታፈናል። የታፈነ እንጨት ጭስ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ቅባት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስጋው ከአየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቅባቱ ሄዶ እሱ ላይ ይጤዛል። ምላስን የሚያደነዝዘው ምሬት ይህ ነው። አንዴ ከያዘ በምንም ቅመም አይሸፈንም።

እንግዲህ ጥገናው። በሩን ብየድ። ከውጭ የላሜራ ቁራጭ ደርበህ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይበየድ። እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ያደረገ ብየዳ አልተበየደም። ለበያጁ ይህን አስቀድመህ ንገረው፤ አለበለዚያ «ይበቃዋል» ብሎ ይሄዳል። በሙቀት የማይበላሽ ሲልኮን ቢለጠፍስ የሚሉኝ አሉ። ለክዳን አካባቢ ይሆናል። በርህ ያለው ግን ፍሙ ጎን ነው፤ እዚያ አይቆይም።

«ታዲያ ከሰል በምን ልጨምር?» ትለኛለህ። አትጨምርም። ትልቅ ቅርጫት ሞልተህ ትጀምራለህ፣ እስኪያልቅ ድረስ ይነዳል። 5 ወይም 6 ኪሎ ከሰል የያዘ ቅርጫት አየሩ በልክ ከገባለት ለአስር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በር የሚያስፈልገው አየር የሚያፈስ ምድጃ ነው፤ አየር የሚያፈሰው ደግሞ በሩ ስላለው ነው። እንቆቅልሽ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው።

ከአስሩ ቀዳዳ በእኩል ርቀት ያሉትን ሦስቱን አስቀር። ሰባቱን በቡሎን፣ በዳዶና በሁለት ሰፋፊ ሮንዴላ ድፈናቸው። ለቀሩት አጭር የቧንቧ ቁራጭ ግጠምላቸው። ሁለቱን በቆብ የሚዘጉ አድርግ። ሦስተኛው ላይ ቫልቭ ይሁን። ሙቀቱን የምትቆጣጠረው በዚያ ቫልቭ ነው። ቁመታቸው ከበርሜሉ ወለል 5 ሴንቲ ያህል ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካሉ አመድ ይደፍናቸዋል። ወገብህን የሚያምህ ከሆነ ቫልቩ ያለበትን ቧንቧ ወደ ላይ አጥፈህ ደረትህ ድረስ አምጣው። እኔ ከአርባ በላይ ስሆን ያደረግኩት ይህን ነው።

የላይኛው መውጫ 5 ሴንቲ ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ይበቃዋል። 20 ካሬ ሴንቲ ገደማ ነው። ከታች ከሚገባው ማነስ የለበትም። ክዳኑ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢያፈስ ብዙ አትጨነቅ። ከፍሙ በላይ ያለ ቀዳዳ እንደ ጭስ መውጫ ነው የሚሠራው። ከፍሙ በታች ወይም ከጎኑ ያለ ቀዳዳ ነው እሳት የሚያራግበው።

ቅርጫቱን ወፍራም ወንፊት ካለው ላሜራ ጠቅልለህ ሥራው። ስፋቱ 40 ሴንቲ፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ቢሆን ደህና ነው። እግር አድርግለት፤ ከወለሉ 8 ሴንቲ ያህል ይነሳ። አመዱ ታች ወርዶ ካልተጠራቀመ ፍሙ በራሱ አመድ ይታፈናል። ከስሩ የምታወጣት ሰፊ የአመድ ሳህን ብታስቀምጥ ጽዳቱ ይቀልሃል።

የስጋው ፍርግርግ ከክዳኑ አፍ 15 ሴንቲ ዝቅ ብሎ በአራት ስቴይንለስ ቡሎን ላይ ይረፍ። እንዲህ ሲሆን ከፍሙ እስከ ስጋው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ርቀት ይኖራል። ይህ ርቀት የበርሜሉ ዋና ጥቅም ነው። ሌሎች የጭስ ምድጃዎች እሳቱን ወደ ጎን ያደርጉታል ወይም በብረት ይጋርዱታል። በርሜሉ አይጋርድም። የስጋው ስብ ቀጥታ ፍሙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይጨሳል፣ ጭሱ ተመልሶ ስጋውን ያጣፍጠዋል። የበርሜል ስጋ ጣዕም የሚለየው በዚህ ነው። ስቡ የማይነደው አየሩ ስለተለካ ነው። ርቀቱን ካሳጠርከው ወይም አየር ከለቀቅክበት ያው ስብ ነበልባል ይሆናል። መጋረጃ ሳህን ላድርግ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። መጀመሪያ ያለ እሱ ሞክሩት እላለሁ። ብዙዎቹ ተመልሰው አይጠይቁኝም።

ቴርሞሜትሩን በፍርግርጉ ከፍታ ግጠመው። ክዳን ላይ የተሰካው የሚነግርህ የክዳኑን ሙቀት ነው። ግድግዳ ላይ የተገጠመም ቢሆን ከመሀሉ ዝቅ ያለ ያነባል። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ቢሆን አትደንግጥ። ገዝተህ ስታመጣው በሚፈላ ውሃ ፈትነው። በባሕር ጠለል 100 ማንበብ አለበት። ከፍ ስትል በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሆነህ 92 ወይም 93 ቢያነብ ቴርሞሜትሩን አትውቀሰው።

ስጋ ከማስገባትህ በፊት አንድ ቀን ባዶውን አንድደው። ውስጡን በስሱ ዘይት ቀብተህ በ130 እና በ150 መካከል ለሦስት አራት ሰዓት አቆየው። ዘይቱ ደርቆ ጥቁር ልባስ ይሆናል፤ ዝገት የሚከላከልልህ እሱ ነው። ውስጡን ምንም ቀለም አትቀባው። ውጩን ከፈለግክ ሙቀት የሚችል ቀለም አለ። በዚያው ቀን ቫልቩን ተለማመድበት። በመጨረሻ ከላይም ከታችም ሁሉንም ድፈነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ በደንብ ካልወረደ አሁንም የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ፈልገው።

እሳቱን አለኳኮስ ላይ የምነግርህን ከዚህ በፊት ከለመድከው ጋር አታምታታው። ሁሉንም ከሰል አቀጣጥለህ ስጋ አታስገባም። ቅርጫቱን በጥሬ ከሰል ትሞላለህ። መሀሉን ትንሽ ታጎደጉዳለህ። ለብቻ የተቀጣጠሉ ከ12 እስከ 15 ፍሞች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ታስቀምጣለህ። ፍሙ ቀስ እያለ ወደ ጎንና ወደ ታች ይበላል፣ ልክ እንደ ሻማ። ዘዴው ጂም ሚኒየን በሚባል ሰው ስም ይጠራል። ተጠቅጥቆ የተሠራ ከሰል እኩል ስለሚነድ ለጀማሪ ይቀላል። ተራው የእንጨት ከሰል ከሆነ ትልልቁን ሰባብረህ ከትንንሹ ጋር ደባልቀው። ነጭ ጋዝና ቤንዚን በጭራሽ አትጠቀም፤ ሽታው ስጋው ላይ ይቀራል። ፕላስቲክ ስለሚለኩሱት ባላወራ ይሻላል።

እንጨቱ ጡጫ የሚያህል፣ ደረቅና ጠንካራ ይሁን። ሦስት አራት ቁራጭ ከሰሉ መሀል በየቦታው ቅበር። የፍራፍሬ ዛፍ አብዛኛው ይሆናል። ጥድና ሙጫ ያለው ዛፍ አይሆንም። ቀለም የተቀባ፣ ፀረ ምስጥ የተነከረ ወይም የተጣበቀ ጣውላ መርዝ ነው። እንጨቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ የሚል ምክር ትሰማለህ። አትዘፍዝፈው። ውሃው ከላዩ አያልፍም። እሱ እስኪተን ድረስ የምታየው ነጭ ነገር እንፋሎት ነው፤ እሳትህንም ያቀዘቅዘዋል።

ክዳኑን ግጠም፣ ሦስቱንም ቀዳዳ ክፈት። 90 ዲግሪ ሲደርስ ሁለቱን በቆብ ድፈን። 105 ሲል ቫልቩን ወደ ግማሽ መልሰው። ቀድመህ የምትዘጋው በርሜል አንዴ ካለፈህ ለመመለስ ስለሚያስቸግር ነው። ከ110 እስከ 135 ባለው መካከል ከቆመ ተወው። ቫልቩን ስትነካ ትንሽ ንካው፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ጠብቅ። እኔ በመጀመሪያው በርሜሌ ሌሊቱን ሙሉ የራዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው ቫልቩን ሳሽከረክር አደርኩ። 118 ሲል እከፍታለሁ፣ 124 ሲል እዘጋለሁ። ስጋው ደህና ወጣ፤ እኔ ነኝ ያልወጣሁት።

ክዳኑንም አትክፈት። በከፈትክ ቁጥር ፍሙ አየር ይጠጣል። ስትዘጋው ሙቀቱ ከቅድሙ በ20 እና በ30 ዲግሪ በልጦ ይነሳል። «እንዴት ሆኖ ይሆን» የሚል ጉጉት ብዙ ስጋ አቃጥሏል።

ስጋውን ከማስገባትህ በፊት ጭሱን እየው። ሲጀምር ነጭና ወፍራም ነው። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አርባ አምስት ደቂቃ ጠብቀው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲመስል፣ ከጀርባው ያለውን ነገር ሲያሳይህ፣ ያኔ አስገባ። ጭሱ የማይታይ ከሆነ «እንጨት ልጨምር» አትበል። አፍንጫህ ከሸተተው በቂ ነው።

ስለ ፍሪምባው ደግሞ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥከው ከከብቱ ሁሉ አስቸጋሪውን ነው። ድፍረትህን አደንቃለሁ። ግን በአራት ሰዓት ፍሪምባ አይደርስም። ይህ ሥጋ ከብቱ ክብደቱን የሚሸከምበት ስለሆነ ኮላጅን የሚባለው ጅማታም ነገር ሞልቶታል። ኮላጅን ቀልጦ ጄላቲን የሚሆነው ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው። በ200 ዲግሪ ስታጣድፈው ጭማቂው ይወጣል፣ ጅማቱ ግን ለመቅለጥ ጊዜ አያገኝም። ያ ነው ሶል የሆነብህ። 4 ኪሎው በ120 ዲግሪ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልገዋል።

ከዋዜማው ምሽት በኪሎ 10 ግራም ገደማ ጨው አሽተህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ቁንዶ በርበሬ ነስንስበት። ፍርግርጉ ላይ የስቡ ጎን ወደ ታች ይሁን፤ እዚህ ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ነው፣ ስቡ ጋሻ ይሆንለታል። ለስጋው ውስጥ የሚወጋ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ያስፈልግሃል። በዓይን መገመት ይቅርብህ።

አሁን አስቀድሜ ልንገርህ፣ አለበለዚያ ትደነግጣለህ። የስጋው ውስጥ ሙቀት ደህና ሲወጣ ቆይቶ ከ65 እስከ 75 ባለው መካከል አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ላይነቃነቅ ይችላል። እሳቱ የጠፋ፣ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይመስልሃል። ምንም አልሆነም። ስጋው አልቦታል። ላቡ ሲተን ስጋውን ያቀዘቅዘዋል፣ ልክ አንተን እንደሚያቀዘቅዝህ። ግሬግ ብሎንደር የሚባል ፊዚክስ አዋቂ ይህን በሙከራ እስኪያሳይ ድረስ ብዙ ሰው የስቡ ወይም የኮላጅኑ መቅለጥ ነው ይል ነበር። ምርጫህ ሁለት ነው። ወይ ትጠብቃለህ፣ ወይ በፎይል ወይም ባልታተመበት የስጋ ወረቀት ጠቅልለህ ትመልሰዋለህ። ከተጠቀለለ ላቡ አይተንም፣ ሙቀቱ ይቀጥላል። እኔ ላዩ ጠቆር ብሎ ቅርፊት ሲይዝ በወረቀት እጠቀልለዋለሁ። ፎይል ይፈጥናል፣ ቅርፊቱን ግን ያረጥበዋል።

ከ93 እስከ 96 ሲደርስ ቀጭን ሹል ነገር ውጋው። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ከገባ አውጣው። ከያዘህ ቁጥሩ ስንትም ቢል አልደረሰም። ካወጣኸው በኋላ እንደተጠቀለለ በፎጣ ሸፍነህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳርፈው። ወዲያው የተቆረጠ ስጋ ጭማቂውን መክተፊያው ላይ ይደፋዋል። ስትቆርጥ የስጋውን ክር ተሻግረህ ቁረጥ።

ስትቆርጠው ከላዩ ሥር ሮዝ ቀለበት ታያለህ። ጥሬ አይደለም። ከእሳቱ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ስጋውን ቀይ ከሚያደርገው ማዮግሎቢን ጋር ሲገናኝ የሚቀር ቀለም ነው። ያምራል፣ ጣዕም ግን የለውም። ስለዚህ ባይወጣልህ አትዘን።

እንዲያውም ብትሰማኝ ፍሪምባውን ለሦስተኛ ጊዜህ አቆየው። ቀድመህ ዶሮ ሥራ። ጀርባዋን ከፍተህ ጠፍጣፋ አድርጋት፣ ቫልቩን ለቀቅ አድርገህ በ150 ዲግሪ አብስላት። በ110 ካበሰልካት ቆዳዋ ጎማ ይሆናል። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትደርሳለች። የደረቷ መሀል ከ74 ማነስ የለበትም፤ ጭኗ 80 ቢደርስ ይበልጥ ይጣፍጣል። ዶሮ ሁለት ጊዜ ካበላሸህ የምትከስረው ትንሽ ነው፣ ስለ ቫልቩ ግን ብዙ ትማራለህ። ከዚያ ወርች ሞክር፤ ስቡም ጅማቱም ስላለው ስህተት ይቅር ይላል።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። በርሜሉ ሁልጊዜ ውጭ ይሁን። ዝናብ መጣ ብለህ ጋራዥ ወይም የተዘጋ በረንዳ ውስጥ አታስገባው። በትንሽ አየር የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። በሩ ተከፍቶ ቢሆንም አታስገባው። የሚያስጨንቅህ ዝናብ ከሆነ፣ ከክዳኑ በላይ ከፍ ብሎ የተያዘ ጣሪያ ይበቃል፣ ጎኑ ሁሉ ክፍት ሆኖ።

ስጋውን እንዳወጣህ ቫልቩንም መውጫውንም ድፈን። ፍሙ አየር አጥቶ ይጠፋል። እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ግን አመዱን አትንካ፤ ከላይ የበረደ መስሎ ከሥር የሚያድር ፍም አለ። አመዱን ስታወጣው ክዳን ባለው ብረት ዕቃ ውስጥ ክተተው፣ ከፕላስቲክ አርቀው። ቅርጫቱን ወዝወዝ ስታደርገው ያልነደደ ከሰል ይተርፍሃል፤ በዶሮ ቀን ከግማሽ በላይ። ለሚቀጥለው ጊዜ ከሥር እሱን አድርገህ አዲሱን ከላዩ ጨምርበት።